ሰንጠረዥና የፆታ ድልድል፦ ከሻደይ ሜዳ እስከ ዓለም ሻምፒዮና

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ቀን የሰቆጣ አደባባይ የልጃገረዶች ይሆናል። ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ሹሩባ ተሠርተውና ተኳኩለው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወራሉ። በዓሉ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል፤ በዋግ ኽምራ ግን ስሙ ሻደይ ነው። በሌላው የዓመቱ ቀን ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመውና ከብት የምትጠብቀው ልጅ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ከሥራዋ ነፃ ትሆናለች። የልቧን በዘፈን ትናገራለች፤ ደግ ያደረገላትን ታወድሳለች፤ ንፉጉን ትወርፋለች። ጐረምሶቹ ዳር ቆመው ይመለከታሉ። ሜዳው ለልጃገረዶች ስለ ምን ተከለለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነውና፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ የማይሰማው እንድትሰማ ነው።

የሰው ልጅ በጨዋታ ሜዳ ላይ ወንዱንና ሴቱን መለየት የጀመረበት ጊዜ ሩቅ ነው። ጉልበትና ፍጥነት በሚወስኑበት ጨዋታ የልዩነቱ ምክንያት በዓይን ይታያል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በአእምሮ ብቻ በሚፋለሙበት ጨዋታ፣ ማለትም በሰንጠረዥ፣ የወንድና የሴት ገበታ ስለ ምን ተለየ? የተለየውስ ገበታ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ከአንድ መቶ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሲወለዱ በወንድነት ተመዝግበው በኋላ በሴትነት የሚኖሩ ተጫዋቾች ጉዳይ ሲነሣ እንደገና የዓለምን ትኩረት ስቧል። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን ጨዋታው በኢትዮጵያ ደጋዎች የነበረውን መልክ አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል።

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ሲሻገር ስሙ «ሸጥረንጅ» ሆነ፤ በአማርኛም ሰንጠረዥ ተባለ። ዛሬ ይኸው ቃል ሁለት ትርጉም ይዟል። አንደኛው ጥንታዊው ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀው፣ ሰውና ነገር በዐምድና በረድፍ ተከፍሎ የሚጻፍበት የመዝገብ ገጽ ነው። ስለዚህ በሰንጠረዥ ላይ ስለሚደረግ የፆታ ድልድል መናገር፣ በአማርኛ፣ በአንድ ቃል ስለ ሁለቱም ሰንጠረዦች መናገር ይሆናል።

ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የቆየ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር በዘመኑ የተጻፈ ማስታወሻ ይገልጻል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴን በእንደርታ በጐበኘ ጊዜ የራሱ ዋነኛ መዝናኛ ሰንጠረዥ መሆኑን ተመልክቶ ጽፏል። ቆይቶም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር መዘገበ። እነዚህንና ሌሎችን ምንጮች አሰባስቦ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያቀረበው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው።

በእነዚህ ጸሐፊዎች ምስክርነት መሠረት የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ከዛሬው ዓለም አቀፍ ጨዋታ በብዙ ይለያል። ገበታው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር ተሰምሮ የሚዘጋጅ ነበር። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ሲሆኑ፣ መደቅ እግረኛው ወታደር ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ወረራ በሚባለው ክፍል ነው። በወረራ ጊዜ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መማረክ እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። እጅግ የሚወደሰው በተራ መደቆች ኅብረት የተገኘ ድል ነበር።

ሶልት የተመለከተው ሌላም ነገር አለ። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጣል፤ እጁን ዘርግቶም ጠጠር አንሥቶ የሚበጀውን መንገድ ያሳያል። በመጨረሻ ግን ሁሉም በብልሃት እየተባበሩ ራሱ በየጨዋታው እንዲያሸንፉ ያደርጋሉ። ስለ መደቅም ሲናገር፣ የገበታው መጨረሻ ቢደርስ እንኳ ምንም ዓይነት ሹመት አያገኝም ይላል። ከዚህ ትንሽ ሥዕል ብዙ ነገር መረዳት ይቻላል። በዚያ አዳራሽ መናገር ለሁሉም የተፈቀደ ነበር፤ ማሸነፍ ግን ለአንድ ሰው ብቻ። የሰውን ቦታ የሚወስነው ችሎታው ሳይሆን ማዕረጉ ነበር።

የዋግ ሀገር በዚህ የማዕረግ ዓለም ውስጥ ልዩ ስፍራ ነበረው። ሰቆጣን መዲናቸው ያደረጉት ዋግሹሞች የዛጔ ነገሥታት ዘሮች መሆናቸው ይነገራል። በትውፊት እንደሚታወቀውም ንግሥናው በ13ኛው መቶ ዘመን ለይኩኖ አምላክ ወገን ሲመለስ ለእነርሱ የተለየ ክብር ቀርቶላቸዋል፤ ይኸውም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ነው። ማን ይቆማል፣ ማን ይቀመጣል፣ በምን ላይ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ በቤተ መንግሥት ትልቁ ጥያቄ ነበር። የዋግ እረኛ ግን ብር ወንበርም ሆነ የዝሆን ጥርስ ጠጠር አላስፈለገውም፤ እንደ ሌላው ደገኛ ሁሉ መሬት ላይ ጕድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠርና ፍሬ ሰብስቦ ገበጣ ይጫወታል። ሰንጠረዥ የአዳራሽ ጨዋታ ሲሆን ገበጣ የሜዳ ጨዋታ ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር በፆታ ሳይሆን በመደብ የታጠረ ነው።

ይህንን በግልጽ የሚያሳዩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ከዋግ በስተ ምዕራብ፣ ከተከዜ ማዶ ካለው ከስሜን ገዥዎች ዘር የተወለዱት እቴጌ ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩና ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በሆነበት ዘመን እንዲህ ያለ ትምህርት ማግኘታቸው የዘራቸውን ከፍታ ያመለክታል። እቴጌዪቱ በሰንጠረዥ ገበታ ፊት ሲቀመጡ ለሴቶች የተለየ ገበታ አልተዘረጋላቸውም፤ ያው የወንዶቹ ገበታ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የራሳቸውን ጦር አሰልፈው በተገኙ ጊዜም ለሴት የተለየ ጦር ሜዳ አልነበረም። የዋጉ ዋግሹም ጓንጉልም በዚያው ዘመቻ ከተሰለፉት መኳንንት አንዱ ነበሩ።

ታዲያ ድሮ የፆታ ድልድል ስላልነበረ ሴቶች እኩል ነበሩ ማለት ነው? አይደለም። በአንዲት እቴጌ ፊት የተከፈተው በር በብዙ ሺህ የዋግ፣ የላስታና የስሜን ልጃገረዶች ፊት የተዘጋ ነበር። በሩ መዘጋቱም አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም «ሴት አይገባም» የሚል ሕግ አልተጻፈም። ያልተጻፈ አጥር ከተጻፈው ይልቅ ለማፍረስ ያስቸግራል። ይህ ነጥብ በኋላ በዓለም አቀፉ ውድድር የሆነውን ለመረዳት ቁልፍ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ጠጠሮቹ ፆታ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ስሙ ከፋርስና ከዐረብ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ አማካሪ ማለት ነው፤ ወንድ ነው፤ እርምጃውም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ጨዋታው ወደ አውሮፓ በገባ ጊዜ ይኸው አማካሪ ሴት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1000 ዓ.ም. ገደማ በስዊስ ገዳም በተጻፈ የላቲን ግጥም ውስጥ ንግሥት ተብሎ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ በስፔን ምድር ንግሥቲቱ በሁሉም አቅጣጫ እስከ ፈለገችው ድረስ እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ ከገበታው ሁሉ ኃይለኛዋ ጠጠር ሆነች። አዲሱን ጨዋታ ያልወደዱት ሰዎች «ያበደችው እመቤት ሰንጠረዥ» ብለው ስም አወጡለት፤ ጨዋታው ግን አሸነፈ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። በአውሮፓው ሕግ መጨረሻው መስመር የደረሰ እግረኛ ወታደር ንግሥት ይሆናል። ወንዱ ወታደር ሴት ሆኖ ይነግሣል ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አንዳንዶች በዚህ ተቸግረው ነበር፤ ንጉሡ በአንድ ጊዜ ሁለት ሚስት ሊኖረው አይገባም በማለት ለአዲስ ሹሟ ሌላ ስም የሰጧትም አሉ። ከጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ተለምዶ፣ ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ መደቁን ንግሥት ሲያደርግ የሚገርመው የለም። በእንጨት ጠጠር ላይ በቀላሉ የተፈቀደው ግን ጠጠሩን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ላይ ሲሆን ከባድ ሆኖ ተገኝቷል።

ዘመናዊው የውድድር ሥርዐት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1924 ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ በፓሪስ ሲመሠረት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ፌዴሬሽኑ በሎንዶን የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጀ። ያሸነፈችው በሞስኮ ተወልዳ በእንግሊዝ ትኖር የነበረችው ቬራ ሜንቺክ ነበረች። ሜንቺክ እ.ኤ.አ. በ1944 በሎንዶን ከነእኅትዋና ከነእናትዋ በጀርመን ቦምብ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ የሴቶች ሻምፒዮንነቷን አላስነጠቀችም።

ሜንቺክ በሴቶች ገበታ ብቻ አልተወሰነችም። እ.ኤ.አ. በ1929 በካርልስባድ በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ ከዘመኑ የታወቁ ወንዶች ጋር ተቀመጠች። ያን ጊዜ አንድ የኦስትሪያ ተጫዋች በፌዝ፣ በሜንቺክ የሚሸነፍ ሁሉ የሜንቺክ ክበብ አባል ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ፌዘኛው ራሱ ተሸንፎ የመጀመሪያው አባል ሆነ። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኔዘርላንዳዊው ማክስ ኡቬም ከክበቡ አልቀረም። ስለዚህ የሴቶቹ ሻምፒዮና ሜንቺክን ለማግለል የታጠረ አጥር ሳይሆን፣ ችሎታዋ በአደባባይ እንዲታወቅ የረዳ መድረክ ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ ከሻደይ ሜዳ ጋር ይመሳሰላል።

ከጦርነቱ በኋላ ድልድሉ እየሰፋ ሄደ። የሴቶች ዓለም አቀፍ ማስተር ማዕረግ በ1950፣ የሴቶች ግራንድ ማስተር ማዕረግ ደግሞ በ1976 ተመሠረተ። ለሴቶች ማዕረግ የሚጠየቀው ነጥብ ከጠቅላላው ማዕረግ በ200 ነጥብ ያነሰ ነው፤ ለግራንድ ማስተርነት 2500 ሲጠየቅ ለሴቶች ግራንድ ማስተርነት 2300 ይበቃል። ከ1962 እስከ 1978 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው የጆርጂያ ተወላጅ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ በ1978 ጠቅላላውን የግራንድ ማስተር ማዕረግ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እስከ ዛሬ ይህን ማዕረግ ያገኙት ሴቶች ከ40 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ወንዶቹ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው።

መድረክ የነበረው ነገር አጥር የሆነበትን ጊዜ የሚያሳየው የሃንጋሪያዪቱ የዡዣ ፖልጋር ታሪክ ነው። ፖልጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በ17 ዓመቷ ለዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ የሚያበቃ ውጤት አመጣች። ነገር ግን ውድድሩ በስሙ «የወንዶች» ስለ ነበረ እንድትሳተፍ አልተፈቀደላትም። ችሎታዋ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ስሟ የተጻፈበት ዐምድ ነበር። ፊዴ በኋላ ቃሉን አንሥቶ ውድድሩን ለሁሉም ክፍት አደረገው። በዚያው ዓመት ግን ሌላ ውሳኔ ተላለፈ፤ ለሴት ተጫዋቾች ሁሉ 100 ነጥብ ሲጨመርላቸው ለፖልጋር ብቻ ሳይጨመርላት ቀረ። የተሰጠው ምክንያት ነጥቧን ያገኘችው ከወንዶች ጋር ተጫውታ ነው የሚል ነበር። በዚህም የተነሣ ከሴቶች ዝርዝር የአንደኛነት ቦታዋን አጣች። ወደ ወንዶቹ እንዳትገባ ሴት ናት ተባለች፤ ከሴቶቹ ድርሻ እንዳታገኝ ደግሞ ከወንዶች ጋር ተጫውታለች ተባለች።

ታናሽ እኅትዋ ዩዲት ፖልጋር ከዚህ የተለየ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1991 በ15 ዓመት ከ4 ወሯ ግራንድ ማስተር ሆና ቦቢ ፊሸር ለብዙ ዓመታት ይዞት የነበረውን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2002 ጋሪ ካስፓሮቭን በፈጣን ጨዋታ አሸነፈች። በ2005 ነጥቧ 2735 ደርሶ ከዓለም ስምንተኛ ሆነች። ለሴቶች የዓለም ሻምፒዮንነት ግን አንድ ቀን እንኳ አልተወዳደረችም።

የእርሷ ምሳሌ፣ ሴት በተፈጥሮዋ ለሰንጠረዥ አትሆንም የሚለውን አሮጌ አባባል ባዶ አስቀርቶታል። ታዲያ ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸር በከፍተኛው ደረጃ የሚታዩት ሴቶች ስለ ምን አነሱ? ብዙ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የሚያነሡት ምክንያት ቁጥር ነው። ነጥብ ካላቸው የዓለም ተጫዋቾች መካከል ሴቶች ከአሥር አንድ ያህል ናቸው። ብዙ ሰው ከሚጫወትበት ወገን ብዙ ሊቅ መውጣቱ የማይቀር ነው። በጀርመን ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ልዩነቱ በአብዛኛው በዚህ ሊብራራ እንደሚችል አሳይቷል፤ በስሌቱ ያልተስማሙ ሊቃውንትም አሉ። ሌሎች ደግሞ ልጃገረዶች ከወጣትነት ዕድሜያቸው ጀምሮ ከክበቡ የሚርቁባቸውን ምክንያቶች፣ ማለትም የቤት ሥራን፣ ፌዝንና ትንኮሳን ያነሣሉ። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም በጡንቻ የሚለካ አይደለም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን በደንብ ከሚያውቁት ከሩጫ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ስታሸንፍ ይህ ርቀት ለሴቶች በኦሊምፒክ ከተፈቀደ ገና ሁለተኛው ጊዜው ነበር፤ የተጀመረው በ1988 በሴኡል ነው። የሴቶች ውድድር ባይኖር ኖሮ ያ ወርቅ አይኖርም ነበር። በሩጫ ሜዳ ድልድሉ የቆመው በአካል ልዩነት ላይ ነው። በሰንጠረዥ ግን የቆመው በዕድል ልዩነት ላይ ነው። ሁለቱም ድልድሎች ትክክለኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያታቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ የአንዱ ሕግ እንዳለ ተወስዶ በሌላው ላይ ሊጫን አይገባም።

ይህ ልዩነት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር በሥራ ላይ የዋለው የፊዴ ደንብ፣ ከወንድነት ወደ ሴትነት የተሻገሩ ተጫዋቾች ተጨማሪ ጥናት ተደርጎ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በፌዴሬሽኑ የሴቶች ውድድሮች የመሳተፍ መብት እንደሌላቸው ደነገገ። ለጥናቱም እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ጊዜ ተቀመጠ። ለሁሉም ክፍት በሆነው ውድድር መጫወት ግን አልተከለከሉም። ሕጉ በማዕረግ ላይም ተናግሯል። ከወንድነት ወደ ሴትነት የተሻገረ ሰው ቀድሞ ያገኘው ማዕረግ ይጸናለታል። ከሴትነት ወደ ወንድነት የተሻገረ ሰው ግን የሴቶች ማዕረጉን ይተዋል፤ በምትኩ ከጠቅላላው ማዕረግ ዝቅ ያለውን ሊያገኝ ይችላል። የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ፌዴሬሽኖች ደንቡን በይፋ ተቃወሙ።

ደንቡን የሚደግፉ ወገኖች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። የሴቶች ውድድር የተመሠረተው ልጃገረዶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያጡትን ዕድል ለማካካስ ከሆነ፣ በወንድነት ያደገ ሰው ያንን ዕድል አላጣም ይላሉ። ለሽልማት ሲል ሴት ነኝ የሚል እንዳይመጣም ይሠጋሉ። በዚያው በ2023 በሚያዝያ ወር በናይሮቢ በተደረገው የኬንያ ክፍት ውድድር የሆነው ነገር ለዚህ ሥጋት ይጠቀሳል። አንድ የ25 ዓመት ወጣት ተማሪ በሂጃብና በዓይነ ርግብ ተሸፍኖ በሴቶች ክፍል ተመዘገበ። የማይታወቅ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ጠንካሮቹን ሴቶች ማሸነፉ፣ አለመናገሩና የወንድ ጫማ መጫማቱ አጠራጠረና ተይዞ ተጠየቀ፤ ገንዘብ ቸግሮት እንዳደረገው አመነ፤ ተቀጣም።

ነገር ግን ይህ የናይሮቢ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር የተባለለትን አያስረዳም። ወጣቱ ለጥቂት ቀናት ልብስ ተከናንቦ ያታለለ ወንድ ነበር፤ ሕይወቱን በሴትነት የሚመራ ሰው አልነበረም። ማታለል በማናቸውም ውድድር በነባሩ ሕግ ይቀጣል፤ እርሱም የተያዘው በነባሩ ሕግ ነው። ቤተ ሰቡን፣ ሥራውንና ስሙን እስከ ማጣት የሚያደርስ መንገድ ለአንድ ዋንጫ ሲል የሚጀምር ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብም ያስቸግራል። አታላዩንና ሕይወቱን የለወጠውን ሰው በአንድ ዐምድ ውስጥ መመዝገብ መዝገቡን ያጣምመዋል እንጂ አያጠራውም።

ዕድልን በሚመለከት የቀረበው መከራከሪያም ሙሉ አይደለም። በሴትነት ለመኖር የወሰነ ሰው በክበብ፣ በትምህርት ቤትና በውድድር አዳራሽ ከሚደርስበት መገለል አንጻር ዕድል የበዛለት ነው ማለት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕጉ በማዕረግ ላይ የተናገረው ቃል የሕጉን ድካም ያሳያል። አንዲት ተጫዋች በትጋት ያገኘችው ማዕረግ፣ በኋላ በወንድነት ስትኖር ስለ ምን ይወሰዳል? ጨዋታዎቹ ተጫውተዋል፤ ድሎቹም ተመዝግበዋል። ያሸነፈው አእምሮ ያው ነው። ማዕረጉን መንጠቅ ለሌላዪቱ ሴት ምንም አይጨምርላትም። ሴቶችን ለመጠበቅ ወጣ የተባለ ሕግ ሴቶችን በማይነካ ጉዳይ ላይ ሲቀጣ፣ የሚጠብቀው ሰውን ሳይሆን የመዝገቡን ዐምድ እንደ ሆነ ያስመሰክራል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መለኪያ አንድ ነው። ድልድል በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ የሚመዘነው በተቋቋመበት ዓላማ ነው። በ1927 የሴቶች ሻምፒዮና ሲቋቋም ዓላማው ያልታዩትን ለማሳየት ነበር፤ መልካም አደረገ። በ1986 ያው ድልድል የታየችውን ለመከለል ዋለ፤ በደለ። በ2023 የወጣው ደንብ ደግሞ ማስረጃው ሳይቀርብ ክልከላውን አስቀደመ፤ ጥናቱ ለኋላ ተቀጠረ። ድልድሉ ለመድረክነት የቆመ ከሆነ ወደ መድረኩ ለመውጣት የሚቸገሩትን ሁሉ ሊመለከት ይገባዋል፤ በዚያ ላይ የሚጨመር ገደብ ካለም አስቀድሞ በማስረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ጉዳዩ ሩቅ ሀገር የቀረ አይደለም። የኡጋንዳዪቱ ፊዮና ሙቴሲ ከካምፓላ የድኾች ሰፈር ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢስታንቡል ኦሊምፒያድ ለሴቶች የማስተር ዕጩነት ማዕረግ ስትበቃ የዓለም ጋዜጦች ስሟን አነሡ። ማዕረጉ ከማዕረጎች ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ነገር ግን እርሷን ለዓለም ያሳወቀው እርሱ ነበር። ለሰቆጣ ልጃገረድም ቢሆን የመጀመሪያው ደረጃ አጠገቧ ሊሆን ይገባል። አንድ ገበታና 32 ጠጠር የሚጠይቀው ዋጋ አነስተኛ ነው፤ ብዙ የሚያስወጣው ከእንጨትና ከውኃ ጉዞ ተርፎ የሚሰጣት ጊዜ ነው። በገበጣ ጕድጓድ ላይ ፍሬ የሚቆጥር አእምሮ በሰንጠረዥ ላይ ለማስላት የሚጐድለው ነገር የለም።

በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እጅግ የሚወደሰው ድል በመደቆች የተገኘው እንደ ነበር ከላይ ተገልጿል። ያንን ድል ያከበሩት መሳፍንት በገዛ አዳራሻቸው ለመደቅ ሹመት አልሰጡትም፤ ዳር ቆሞ እንዲመክር ፈቅደው እንዳያሸንፍ ከለከሉት። የዛሬው ውድድር ከዚያ አዳራሽ የሚሻለው በሕጉ ውስጥ መደቅ ተራምዶ መጨረሻው መስመር ሲደርስ የሚነግሥ በመሆኑ ነው። ይህ ሕግ ከጠጠሮቹ ወደ ሰዎቹ እስኪሻገር ድረስ ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ከጨዋታው ይልቅ የመዝገቡ ስም ሆኖ ይቀራል።